በቅጹ ላይ ቦታ ያልነበረው መልስ

ሂልከ ሃርምስ ሶሲዮሎጂ ማጥናት ከጀመረች አምስተኛ ዓመቷ ነው። ትምህርቱ የሦስት ዓመት ነው። አባቷ ፎልከርት ይህን ነገር በስልክ ሲያነሱባት፣ «ፓፓ፣ ኅብረተሰብ እኮ ሰፊ ነው» ትላቸዋለች። እሳቸውም አርባ ሁለት ላሞቻቸውን አሻግረው እያዩ፣ «እሱስ ሰፊ ነው» ብለው ይተዋሉ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኅብረተሰብ አልነበረም፤ የስታቲስቲክስ ነው። ሰው ሰውን አውቃለሁ ብሎ ሶሲዮሎጂ ይገባል፤ በሩ ላይ ግን ቁጥር እንደ ውሻ ታስሮ ይጠብቀዋል። ሂልከን ይህ ውሻ ሁለት ጊዜ ነክሷታል። በጀርመን ደንብ ደግሞ አንድን ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ብቻ አይደለም የሚሰናበተው፤ ያንኑ ትምህርት ከባልቲክ ባሕር እስከ አልፕስ ተራራ ድረስ የትም ሄዶ መማር አይችልም። ነፍስ ያጠፋ እንኳ ዕድሜ ከሰጠው አንድ ቀን ይፈታል፤ ስታቲስቲክስ ሦስት ጊዜ የወደቀ ግን ተስፋም የለው፣ ይግባኝም የለው።

በዚህ ላይ ውሸት ነበረባት። ባለፈው የገና ሰሞን አባቷ ዳቦ እየቆረጡ፣ «ያ የቁጥሩ ነገርስ?» ሲሏት «አለፍኩ» ብላ አረፈች። አንዲት ቃል ነበረች። ፎልከርት ግን ቃሏን ይዘው የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ማኅበር ዘንድ ሄዱ። በሳምንቱ ሃያ ሦስት እሳት አደጋዎች የፈረሙበት የእንኳን ደስ ያለሽ ካርድ በፖስታ መጣላት። ሂልከ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ መሳቢያውንም ከዚያ ወዲያ አልከፈተችውም። ካልሲዎቿ እዚያው ነበሩ፤ አዲስ ካልሲ ገዛች።

ሦስተኛው ፈተና የቃል ፈተና ነበር፤ አንድ ፕሮፌሰርና አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ ፊት። በፈተናው ቀን ጠዋት ሂልከ ስትነሣ ፊቷ እንደ ምድጃ ይነዳል። አብራት የምትኖረው ስቬያ በብብቷ ቴርሞሜትር ሸጎጠችላትና አየችው።

«ሠላሳ ዘጠኝ! አንቺ ልጅ፣ እንቁላል መጥበስ ይቻላል እኮ ላይሽ ላይ። አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ወረቀት አምጪ። ከመፈተንሽ በፊት ወረቀት ካለሽ ፈተናው አይቆጠርብሽም፤ ሌላ ቀን ይሰጥሻል።»

«ይሁን፣ ግድ ነው እንግዲህ።»

«ይሄ መልስ ነው ወይስ ማስነጠስ?»

ሂልከ ያደገችበት የባሕር ጠረፍ አገር ሰው ሌላ መልስ አያውቅም። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና» አይልም፤ ደህና ማለት ጉራ ነው። «አሞኛል» አይልም፤ ያ ደግሞ ልቅሶ ነው። «ግድ ነው እንግዲህ» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ጎርፍ ቤቱን ወስዶት ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ በጀልባ ሊያወጡት ሲመጡ እንደዚያው ነው የሚለው። ሂልከም ሁለት የራስ ምታት ክኒን ዋጠችና በብስክሌቷ ዩኒቨርሲቲ ሄደች።

የፈተናው ክፍል አራተኛ ፎቅ ነው። ሕንፃው ከመክበዱም ከመጥቆሩም የተነሣ እርግቦች እንኳ እዚያ ሲያርፉ ፊታቸው ይከፋል። ፕሮፌሰር ቬርኒከ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል፤ ፈገግታቸው ልክ ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ሰው ናቸው። በጎናቸው ረዳታቸው ክላገስ እስክሪብቶውን ከፍቶ ይጠብቃል። ይህ ክላገስ አውቶቡስ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ማስታወሻ የሚይዝ ዓይነት ወጣት ነው።

«ወይዘሪት ሃርምስ፣ ደንቡ ስለሚያዝ ልጠይቅዎ» አሉ ፕሮፌሰሩ ወረቀታቸውን እያገላበጡ። «ጤነኛ ነዎት? ለመፈተን ይችላሉ?»

ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ተፈታኝ ይጠየቃል፤ እያንዳንዱም «አዎ» ይላል። አዎ ያለ ሰው ደግሞ በኋላ ታምሜ ነበር ቢል ሰሚ የለውም። ሂልከ ግን ጭንቅላቷ እየነደደ የለመደችው አመለጣት።

«ግድ ነው እንግዲህ።»

ፕሮፌሰሩ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። የክላገስ እስክሪብቶ ግን አየር ላይ ቀረ። ወደ ቅጹ አየ፣ ወደ ሂልከ አየ፣ መልሶ ወደ ቅጹ። ከዚያ አንድ ነገር ጻፈ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሽመላ ነበር፤ በዚያ አገር ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው። ሽመላ የበዛበት መንደር ብዙ ሕፃን ይወለድበታል፤ ታዲያ በአገሩ ተረት እንደሚባለው ሕፃናቱን የምታመጣው ሽመላ ናት ማለት ነው? ወይስ ሁለቱ ነገር እንዲያው አብሮ የሄደ ነው? በደህናው ቀን ሂልከ ይህን ተኝታም ትመልሰዋለች። ያን ቀን ግን በትኩሳቱ ውስጥ የታያት የአባቷ ጎተራ ጣሪያ ነው።

«እኛ ቤት ሽመላዎች ነበሩ» አለች። «ጎጇቸው የሠረገላ መንኮራኩር ያህላል። እኔ ግን ብቸኛ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ሽመላዎቹም አልተመለሱም።»

«ይህ... አንድ ናሙና ነው» አሉ ቬርኒከ።

«አዎ» አለች ሂልከ፤ ዕንባዋም መጣ።

ወደቀች።

ደብዳቤው በአሥረኛው ቀን ደረሳት፤ ጨዋነት የሞላበት፣ ሦስት አንቀጽ የተጠቀሰበት፣ በመጨረሻም «ለወደፊቱ መልካሙን እንመኛለን» የሚል። ሂልከ ሁለት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም። የቤቱ የጽዳት ተራ የእሷ ነበር፤ ስቬያ ምንም ሳትናገር ስሟን ከዝርዝሩ ሰርዛ የራሷን ጻፈች። በዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ የፍቅር መግለጫ ተደርጎ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ስቬያ ብርድ ልብሱን ገፈፈችባት። «ተነሺ። ቃለ ጉባኤውን የማየት መብት አለሽ። ወድቀሽም ቢሆን አወዳደቅሽን እይው።»

ሄደው አዩት። በቅጹ አናት ላይ «ጤነኛ ነው/ናት?» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ፤ አንዱ የአዎ፣ አንዱ የአይደለም። ሁለቱም ባዶ ናቸው። ከጎናቸው በክላገስ ጥቃቅን የእጅ ጽሑፍ፣ በትምህርተ ጥቅስ ተከብቦ፣ «ግድ ነው እንግዲህ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ሰውዬ ቅዱስ ነው» አለች ስቬያ።

ሂልከ ይህ መልስ «አዎ» አይደለም ብላ ለፈተና ኮሚቴው አመለከተች። ኮሚቴው አምስት ሶሲዮሎጂስቶች ነበሩበት፤ አምስት ሶሲዮሎጂስት አንድ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የሻይ ማንኪያም ቢሆን ክርክር ያስነሣል። አንደኛው ነገሩ የመደብ ጉዳይ ነው አለ። ሁለተኛው የለም፣ የሉተር ሃይማኖት ውጤት ነው። ሦስተኛዋ ለሁለት ሺህ የባሕር ጠረፍ ነዋሪዎች መጠይቅ ይበተን አለች። አራተኛው ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ነበር የሚያየው። ሰብሳቢዋ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ፕሮፌሰር፣ በስተመጨረሻ ጠረጴዛውን መቱና፣ «ከዚያ አገር የሆነ፣ የልጅቷን ቤት የሚያውቅ ሰው ይምጣና ይንገረን» አሉ።

የልጅቷን ቤት የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው።

ሂልከ ስልኩን አራት ጊዜ አንሥታ አራት ጊዜ አስቀመጠችው። በአምስተኛው ደወለች።

«ፓፓ፣ የገና ሰሞን የነገርኩህ ውሸት ነው። አላለፍኩም። አሁን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ወድቄያለሁ።»

ከወዲያ በኩል የማለቢያው ማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ እሱም ጠፋ።

«ካርዱስ?» አሉ ፎልከርት።

«መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«ሃያ ሦስት ሰው ፈርሞበታል።»

«አውቃለሁ።»

«ጎረቤታችን ዮሃን እንኳ ፈርሟል፤ መጻፍ የማይወደው።» ሂልከ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። «ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ በመጨረሻ።

«ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጥተህ ‹ግድ ነው እንግዲህ› ምን ማለት እንደሆነ ለፕሮፌሰሮቹ ታስረዳልኛለህ?»

«ለዚህ ነው አምስት ዓመት የምትማሩት?»

ረቡዕ መጡ። ለቀብርና ለእሳት አደጋ ማኅበሩ በዓል የሚለብሷትን ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ የበረት ሽታ ግን በር ላይ ቁም ቢሉት የሚቆም አይደለም፤ አብሯቸው ገባ። ሂልከን በእጃቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፤ ስለ ውሸቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢቆጧት በቀለላት።

«አቶ ሃርምስ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ «በእናንተ ዘንድ ሰው እንደዚያ ሲል ጤነኛ ነኝ ማለቱ ነው?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ለምሳሌ?»

ፎልከርት ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ባለቤቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሐኪሙ በየጠዋቱ ይመጣል። ‹እንዴት አደሩ?› ይላታል። ‹ግድ ነው እንግዲህ› ትለዋለች። ሐሙስ ዕለትም እንደዚያው አለችው። ዓርብ አረፈች።»

ስልኩን ሲያይ የነበረው ሰውዬ ስልኩን ገለበጠው። መጠይቅ ይበተን ያለችው ሴት አፏን ልትከፍት ስትል ሰብሳቢዋ በዓይናቸው መለሷት። ግድግዳ ሥር የተቀመጠው ክላገስ ይጽፍ ነበር፤ እሱም አቆመ።

ውሳኔው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የጤና ጥያቄው በደንቡ መሠረት ስላልተመለሰ ፈተናው እንዳልተካሄደ ይቆጠራል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ቅጹ ላይ ሦስተኛ ሣጥን ያስፈልግ እንደሆነ የሚያጠና ቡድንም ተቋቋመ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ሪፖርቱን ያቀርባል። ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ የነበረችው ስቬያ ሂልከን አንቃ ሳመቻትና ወደ ትምህርቷ ሮጠች።

ሰብሳቢዋ በሩ ላይ የፎልከርትን እጅ ጨበጡ። «ረጅም መንገድ ነው የመጡት። ለመሆኑ እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ግድ ነው እንግዲህ» አሉ ፎልከርት።

አሳንሰሩ ተበላሽቷል። አራቱን ፎቅ በደረጃ መውረድ ጀመሩ። ሂልከ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ሦስተኛው ፎቅ ከደረሰች በኋላ ነው ብቻዋን መሆኗን ያወቀችው። ቀና ስትል አባቷ የደረጃውን መደገፊያ ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በጎን እንደ ሸርጣን፣ አንዲት ደረጃ ወርደው ቆም፣ አንዲት ደረጃ ወርደው ቆም ይላሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ተመልሳ ወጣች።

«ፓፓ። ደህና ነህ?»

«ግድ ነ...»

«አይደለም። አዎ ወይስ አይደለም?»

ተማሪዎች በግራ በቀኝ እየተጋፉ ያልፋሉ። ፎልከርት ብረቱን እንደያዙ ወደ ታች አዩ፤ ገና ሦስት ፎቅ ይቀራቸዋል።

«አይደለሁም» አሉ።

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ዳሌያቸው ነው፤ ከበልግ ጀምሮ። ሌሊት አያስተኛቸውም። ጠዋት ጠዋት የሚያልበው ዮሃን ነው፤ ማታውን ደግሞ እሳቸው ከላም ላም በርጩማ እየገፉ ያልባሉ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

አርባ ሁለት ላሞች፣ ሦስት ሳምንት፣ አንድ ሽመላ፤ ሁሉም ተደማምረው ጭንቅላቷ ውስጥ ገቡ፣ ድምሩም አልመጣላትም። ስልኳን አውጥታ የመንደራቸውን ሐኪም ቁጥር ፈለገች። አባቷ የስልኩን መስታወት በጥርጣሬ ተመለከቱት።

«ምን ብሎ ይጠይቀኛል?»

«እንዴት ነዎት ብሎ።»

ፎልከርት ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

«እና ምን ልበለው?»

«አሁን ያልከኝን» አለች ሂልከ፤ ስልኩም መጥራት ጀመረ።