ሦስተኛዋ ቀዳዳ

ጠረጴዛዬ ላይ፣ ገና ካላረምኳቸው የተማሪዎች ወረቀቶች አጠገብ፣ አንድ የቆርቆሮ ምላስ ተቀምጧል። ርዝመቱ ክንድ አይሞላም። አንደኛው ጫፉ ሰፋ ብሎ በስሱ የተጠማዘዘ ነው፤ በሌላኛው ጫፉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ በሦስተኛዋ ቀዳዳ ውስጥ አንድ የዛገ ብሎን ከነዳዶው ተጣብቆ ቀርቷል። ወደ ፊቴ ሳስጠጋው ዝገትና የማሽላ ብናኝ ይሸተኛል። ከከሚሴ ይዤው ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «የአውሮፕላን ዕቃ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም ነበር።

የምነግርህ ነገር ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ሁሉንም እንደነገርኩህ አትመነኝ። ለምሳሌ የዚያች አውሮፕላን ክንፎች ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጡ እንደነበሩ፣ የጠዋት ፀሐይ ስታርፍባቸውም እንደ ማር ያበሩ እንደነበር ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ጓደኛዬ ግን ባለፈው ወር «የምን ጀሪካን? የስኳር ማዳበሪያ ነበር እንጂ» ብሎ አረመኝ። ማናችን ልክ እንደሆንን የሚነግረን የለም። ብሎኑ በየትኛዋ ቀዳዳ ላይ እንደቆመ ግን ማንም አይከራከረኝም።

ያን ጊዜ ጓደኛዬና እኔ ከሚሴ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከአውራ ጎዳናው ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበረው። የእሱ አባት ደግሞ ጨፋ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቁ፣ ማሽላ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። ጥቅምት ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ዛላው ወተት ሲቋጥር፣ ሸለቆው ሁሉ እርጥብ አፈርና አገዳ አገዳ ይሸታል። ግሪሳ የሚመጣው ያኔ ነው። ግሪሳን አንዲቷን ብቻዋን ብታያት መዳፍህን የማትሞላ ምስኪን ወፍ ናት። መንጋው ሲመጣ ግን ሰማዩ ይጠቁራል፤ ሲያርፍም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሰማል። ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ የሚወነጭፍ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮህ ሰው ከሌለ ማሳው በአንድ ቀን ገለባ ይሆናል።

የጓደኛዬ አባት መጮህ አይችሉም ነበር። ጉሮሯቸውን ታመው ከተነሡ ወዲህ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ቀርቶ ነበር። ታላቁ ልጃቸው ሳዑዲ ከሄደ ሰነባብቷል። ስለዚህ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ጓደኛዬ ደብተሩን አስቀምጦ ማማ ላይ ይወጣል። በዚሁ ምክንያት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አንድ ጊዜ ደግሟል። ዘንድሮ ለፈተና ካልተቀመጠ አለቀለት። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርቶ «አሁንም ከጠፋህ ስምህን እሰርዛለሁ» አለው። በር ላይ እጠብቀው ነበር። ሲወጣ «እንግዲህ ወፏ ትማርልኝ» አለኝ። ልስቅ ስል ዓይኑን አየሁና ተውኩት።

መጽሐፉን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ወይም እሱ ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ አይጥ አይጥ የሚሸት፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የታችኛው መደርደሪያ ላይ የተረሳ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ሰዎች ገና መብረርን ሲማሩ ስለሠሯቸው አውሮፕላኖች ይናገራል። አንደኛው ሥዕል ላይ ብዙ ቆየን። የዚያ አውሮፕላን ክንፎች እንደ ዛሬዎቹ አንድ ቦታ የተቸነከሩ አልነበሩም፤ አብራሪው እጀታ እየሳበ፣ ሲነሣ ሽቅብ፣ ሲያርፍ ቁልቁል ያዘነብላቸዋል። የፕሮፔለሩም ምላሶች ብሎናቸው ተፈትቶ ማዕዘናቸው ይለወጣል። አሠራሩ ከባድና አስቸጋሪ ስለነበረ ብዙ ሳይቆይ እንደተተወ መጽሐፉ በአንድ መስመር አልፎታል። እኔ ያቺን መስመር ሳነብ አዘንኩ። ጓደኛዬ ግን ሌላ ነገር አየ።

«ወፍ ማስፈራሪያውን ለምን እንደምትለምደው ታውቃለህ?» አለኝ። «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ጣሳ ብታንጠለጥልላት በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ ታርፍበታለች። እቺ ግን ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ ትሆናለች።»

እንዲህ ሆነና ከማማው በላይ በረጅም ግንድ ጫፍ ላይ የምትቆም አውሮፕላን ልንሠራ ተነሣን። የዘይት በርሜል ክዳን ይዘን አንድ በያጅ ዘንድ ሄድን። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሥዕላችንን አየና «መቼ ነው የምትነሡት?» አለን። «በዚህ ሳምንት» አልኩት ሳይገባኝ። «በአላህ፣ እግረ መንገዳችሁን እኔን ጅዳ ጣሉኝ። ለፓስፖርት ብዬ አላስቸግራችሁም።» አጠገቡ ያሉት የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ሳቁብን። ቢሆንም ምላሶቹን ቆርጦ፣ በእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቀዳዳ በስቶ ሰጠን። ብሎኑ በመጀመሪያዋ ቀዳዳ ሲገባ ምላሶቹ ነፋሱን በሰፊው ይዘው ያገሳሉ፤ በሁለተኛዋ ያፏጫሉ። በሦስተኛዋ ግን ስለታቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቆማሉ፤ ማዕበል ቢመጣ እንኳ አይዞሩም። ክንፎቹም እንዲሁ ይዘነብላሉ፤ ሽቅብ ሲሆኑ አውሮፕላኗ በነፋሱ ላይ ብድግ ቁጭ ትላለች፤ ልክ ለመወርወር እንደምትዘጋጅ ጭልፊት።

ብሎኖቹን ለመፍታት መካኒኮች አሥራ ሦስት ቁልፍ የሚሉት መፍቻ ያስፈልግ ነበር። ከአባቴ ሱቅ አጠገብ ካለው ጋራዥ ተዋስኩት። ባለቤቱ «ማታ ማታ እዚህ ይደር» ስላለኝ ቁልፉ ሁልጊዜ እኔ ጋ ነበር። ከትምህርት ስንወጣ ከጓደኛዬ ጋር ጨፋ እሄዳለሁ፤ ግንዱ ላይ ወጥቼ ማዕዘኑን እለውጣለሁ፤ በማስታወሻዬ እመዘግባለሁ፤ ከተማ እመለሳለሁ። ከኔ በቀር ማንም ማዕዘን እንዲነካ አልፈልግም ነበር። አሁን ሳስበው በዚያ መኩራራት ያለብኝን ያህል ብቻ የኮራሁ አይመስለኝም።

አውሮፕላኗ የዞረችበትን የመጀመሪያ ቀን ድምፅ እስከ ዛሬ በሆዴ ውስጥ እሰማዋለሁ። መንጋው ከወንዙ በኩል መጣ፤ ማሳው ጫፍ ሲደርስ እንደ ተገፋ መጋረጃ ተጠቅልሎ ወደ ሌላ ዞረ። ጎረቤቶች ከየማማቸው ጮኹ። የጓደኛዬ አባት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። «ኮቱ፣ ኮቱ እስቲ» ብለው ጠሩን፤ ቀረብናቸው። ሹክሹክታቸውን ለመስማት ጆሮህን ወደ ከንፈራቸው ማስጠጋት ነበረብህ። «የመንግሥት አውሮፕላን መድኃኒት ሊረጭ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው» አሉ፤ «ወፏ ግን በየቀኑ ነው የምትመጣው። ይቺ የኛዋ እዚሁ ታድራለች። ማሻአላህ፣ ጋሪ ነው ልጆቼ፣ ጋሪ ነው።» በኦሮምኛ መልካም ነው ማለታቸው ነበር። በማግስቱ ጓደኛዬ ጥቅምትን በክፍል ውስጥ መማር ጀመረ። አንድ ሳምንት፤ ከዚያ ሌላ ሳምንት። ርዕሰ መምህሩ ስሙን ሲጠራ «አቤት» የሚለው ድምፁ ከሁላችንም በላይ ነበር።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ለሰብሉ ዱዓ ሊያደርጉ ወደ ማምሻው ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ነፋሱ በርትቶ ነበር፤ አውሮፕላኗም በመጀመሪያዋ ቀዳዳ ላይ ስለነበረች ታገሳለች። ዱዓውን የሚመሩት አዛውንት ሁለት ጊዜ ቆም አሉ። የጓደኛዬ አባት አፍረው ወደኔ መጡና «እስኪያልቅ ዝም አሰኛት የኔ ልጅ» አሉኝ። ወጣሁ። አራቱንም፣ ሁለቱን ምላስና ሁለቱን ክንፍ፣ በሦስተኛዋ ቀዳዳ ላይ አሰርኳቸው። ሸለቆው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከታች «አሚን» የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ወደኔ ወጣ፤ እዚያው ግንዱ ላይ ሆኜ እኔም አሚን አልኩ።

ዱዓው አልቆ ስንበላ ስንጠጣ አንድ ፒካፕ ወደ ከተማ ሊሄድ ሲል «ና ግባ!» አሉኝ። ሮጥኩ። እንዲህ ነው የማስታውሰው። አንዳንዴ ደግሞ ጓደኛዬ ከኋላዬ «መልሰሃታል?» ብሎ እንደጮኸና እኔም ከመኪናው ላይ እጄን እንዳውለበለብኩለት ሆኖ ይታየኛል። ይህ የሆነ ነገር ይሁን ወይስ በኋላ ራሴን ለመቅጣት የጨመርኩት፣ ማወቅ አልቻልኩም። ቁልፉን ለባለቤቱ ልመልስ ብል ጋራዡ ተዘግቶ ነበር። ኪሴ ውስጥ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ጓደኛዬ ጎህ ሲቀድ ለትምህርት ወጣ፤ ጭለማው ገና ስላለቀቀ ሽቅብ አላየም። ፀሐይ ስትወጣ ግሪሳው መጣ። ነፋስ ነበር፤ አውሮፕላኗ ግን አልዞረችም። አባትየው ማማው ላይ ወጡ፤ ድምፅ የላቸውም፤ ጥምጥማቸውን ፈትተው በሁለት እጃቸው እያውለበለቡ ከዳር ዳር ሮጡ። ያ ነጭ ጨርቅ ከማሽላው በላይ ሲውለበለብ አየዋለሁ፤ ጨርቁ በነፋሱ ሲማታ የሚሰማው ድምፅ እንኳ አለ። ነገር ግን እዚያ አልነበርኩም። እኔም ጓደኛዬም ክፍል ውስጥ ነበርን።

ከጁምዓ በኋላ አብረን ስንደርስ የማሳው ግማሽ ነጥቶ ነበር። ባዶ ዛላው በነፋሱ ሲጋጭ ደረቅ ድምፅ ያሰማል። አባትየው ከማማው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ጥምጥማቸው ጭናቸው ላይ። አልተቆጡም። «ማን ነበር የሚመልሳት?» አሉ ብቻ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ጓደኛዬ «እኔ ነኝ አባዬ» አለ። «ቁልፉን ለኔ ትቶልኝ ነበር የሄደው። ቤት አስቀመጥኩና ረሳሁት።»

ቁልፉ ጭኔን እየወጋኝ ነበር። በሱሪዬ ኪስ ውስጥ ሆኖ ከበደኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። አባትየው እኔን አዩኝ። ለረጅም ጊዜ ያዩኝ ይመስለኛል፤ ምናልባት ለአፍታ ብቻ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና «አብሽሩ» አሉን።

የቀረውን ግማሽ ማሳ ለቆርቆሮ አደራ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። መንጋውም አንዴ ቀምሷልና በነጋ በጠባ ይመለስ ጀመር። ጓደኛዬ ማማው ላይ ወጣ፤ ከወር በኋላ ስሙ ከመዝገብ ተሰረዘ። እኔ ተፈትኜ አለፍኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ከነገር ሁሉ ምሕንድስና ተማርኩ። አሁን ስለ ፕሮፔለር ማዕዘን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ሦስት ቀዳዳ እሥላለሁ፤ ለምን ሦስት እንደሆነ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ወር አባትየው ማረፋቸውን ሰማሁና ለተእዚያ ሄድኩ። ጓደኛዬ ጢሙ ሸብቷል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። ጓሮ ውስጥ ሴት ልጁ ከጆንያ ማሽላ እየዛቀች ለእንግዶች ምግብ ወደሚዘጋጅበት ትወስዳለች፤ የምትዝቅበትን ዕቃ ሳይ ተጠጋሁ። ምላሱ ነበር። ሌላው ክፍል ሁሉ እንደተበታተነ፣ እሱ ብቻ ለሥራ ስለተመቸ እንደቀረ ነገረኝ። ስለ ጀሪካኑና ስለ ማዳበሪያው የተከራከርነው ያኔ ነው። ከዚያ ድንገት ሳላስበው ወጣኝ።

«ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።»

«የቱ ቁልፍ?»

«አሥራ ሦስቱ። ያን ቀን።»

አየኝና ሳቀ፤ በለቅሶ ቤት የማይሳቅ ሳቅ ነበርና አፉን በእጁ ሸፈነ። «ወላሂ አንተ ሰው! ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክመህ ነው የምትዞረው?»

«አባትህ ፊት ዋሸህልኝ።»

«ዋሸሁ። ግን አላመኑኝም» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለአፍታ የአባቱን ሹክሹክታ የሰማሁ መሰለኝ። «ያን ጠዋት ቁልፉን ፍለጋ ቤቱን ገልብጠውት ነበር። ጎረቤት ሁሉ ዘንድ ልከዋል። ቤት አስቀመጥኩት ስላቸው እንግዲህ ምን ይሉኛል? አንተ ከሄድክ በኋላ ጠሩኝና፣ ‹ጥፋቱ ያንተ ነው ብለህ እንዳትነግረው። ነገሩ ልቡ ውስጥ ከገባ ትምህርት አይገባውም። አንዳችሁ እንኳ ተማሩ› አሉኝ።»

ልጅቷ ምላሱን አጥባ አምጥታ ሰጠችኝ፤ «አባቴ ውሰደው ይልሃል» አለችኝ። እሱ ከበሩ ላይ ቆሞ «ዝም ያሰኘሃት አንተ ነህ፤ ታዲያ አንተው አናግራት!» ብሎ ቀለደብኝና እንግዶቹን ሊያስተናግድ ገባ።

ትናንት ገበያ ወጥቼ አንድ አሥራ ሦስት ቁልፍ ገዛሁ። ዝገቱ ላይ ዘይት ጠብ አድርጌ ጠበቅኩ። ቁልፉን ዳዶው ላይ ሳሳርፈው ልክ እንደድሮው ግጥም አለ፤ ትንሽ ብጫነው እንደሚዞርም በእጄ ታወቀኝ። ከዋርካው ሥር የሚወጣው «አሚን» ጆሮዬ ላይ ነበር። ዱዓው ገና ያላለቀ ይመስል፣ ሳልፈታው ተውኩት።