ለቅሶዬን የወሰደችብኝ ጎረቤቴ

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ አረፈች። ሐዘኑስ ለሁሉም የሚደርስ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ በገዛ እናቴ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ በጎረቤቴ መቅናቴ ነው።

ቤቴ ልደታ ማርያም አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። መውጫዬ አንዲት መኪና የምታሳልፍ መተላለፊያ ብቻ ነች፤ የጥሩነሽን አጥር ታክካ ታልፋለች። ጥሩነሽ እኩያዬ ናት። ግቢዋ ሰፊ፣ የውጭ በሯ ባለ ሁለት ተከፋች። ይኼ አንሶ ልጇ መኪና ገዛ። እሱንም ችዬው ነበር። መኪናውን ለማቆም ብላ መተላለፊያዬን በብረት በር ልትዘጋው ስትነሳ ግን አልቻልኩም።

«ቁልፍ እሰጥሻለሁ እኮ አስኩ፣ ምን ቸገረሽ?» አለችኝ።

«እናትና አባቴ የኖሩበትን ቤት በአንቺ ቁልፍ ልግባ?»

ሠራተኞቹ ለበሩ መቆፈር ሲጀምሩ ፍርድ ቤት ሄጄ ከሰስኩ። ክሱ እስኪወሰን ድረስ ጊዜያዊ እግድ ተሰጠልኝ። ማንኛችንም መተላለፊያው ላይ ምንም ነገር እንዳናቆም፣ ባለበት እንዲቆይ ይላል። ደስታዬን አልቻልኩትም። ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ፤ ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ ታምራትማ ትዕዛዙን ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ አረፈች። ግቢዬ ጠባብ ስለሆነ በእኛ ቤት ሐዘን ሲደርስ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው መተላለፊያው ላይ ነው። ወጣቶቹ ብረቱን ሊያቆሙ ሲሉ ጋሽ ታምራት ከዘራቸውን አነሱ።

«ቆዩ! እዚህ ላይ እግድ አለ።»

«ጋሽዬ፣ እግዱ እኮ የኔ ነው!» አልኳቸው እንባዬን እየጠረግኩ።

«የኔ ልጅ፣ ከወጣ በኋላማ የፍርድ ቤት ነው። ምንም ነገር አይቆምም ብለሽ ራስሽ አነበብሽልኝ። ታዲያ ድንኳን ተኝቶ ነው የሚተከለው?»

ለቀስተኛው ደጅ ቆሟል፤ ሰማዩ ያጉረመርማል። እናቴን በምን ወግ ልሸኛት ነው አልኩ። ያን ጊዜ የጥሩነሽ ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ልጇ መኪናውን አስወጣ።

«አስገቡት! ክሱ ክስ ነው፣ ለቅሶው ለቅሶ ነው» አለች።

ከዚያማ ሰዉ በእሷ በር ገባ፣ በእሷ ወንበር ተቀመጠ። ሲወጣ እኔን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይልና እሷ ጋ ሲደርስ ቆሞ ይመርቃታል። አክስቴ እንኳ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «ይህችን የመሰለች ሴት ነው የከሰስሽው?» አለችኝ። ደግሞ ጥሩነሽ ማልቀሱንም ትችልበታለች፤ ድምጿ ያምራል። እናቴን እያነሳች ሰዉን ስታላቅስ «የኔ እናት እኮ ናት!» ልላት ቃጣኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

ከአርባው በኋላ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ደረሰ። ከሳሽና ተከሳሽ በዚያችው መኪና አንድ ላይ ሄድን። ወንበሩ ይመቻል፤ እሱም አናደደኝ። መንገዱ ላይዘጋ ተስማምተን ስምምነታችን ተመዘገበ፤ እግዱም ተነሳ። መኪናው ዛሬም የሚያድረው እሷው ግቢ ውስጥ ነው።

እንግዲህ መንገዴ ክፍት ነው። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ያን ምርቃት ሳስበው አሁንም ሆዴ ይጨሳል። በቅርቡ ልጇን ትድራለች። ድግሱ የሚሠራው እኔ ቤት ነው ብዬ ከወዲሁ ለሰፈሩ አስታውቄያለሁ።

«ግቢሽ ይጠባል፣ አስኩ» ብትለኝ «መተላለፊያው ምን ሊሠራ ነው? ድንኳን ተክዬ እዚያ አሠራለሁ» አልኳት።

ያን ቀን ማን እንደሚመረቅ እናያለን።