ቀጭን ጎማ ለአቀበት

ያን ሳምንት አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ካለው ቤታችን ወጥቼ ጎማ ተራ እደርሳለሁ፣ ከጎማ ተራ ምን አለሽ ተራ እሄዳለሁ፣ ደግሞ ተመልሼ ግቢያችን ውስጥ የቆመችውን ትንሽ ፊያት ሲቼንቶ እዞራታለሁ። እሑድ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አቀበት ላይ የትንንሽ መኪኖች ውድድር ነበረ። መኪናዋ የአባቴ ናት፣ የምነዳት እኔ ነኝ። ሞተሯ አቅመ ቢስ ነው፤ አራት ወፍራም ሰው ከተጫነባት በሁለተኛ ማርሽም ታቃስታለች። ሞተሩን ለማጎልበት አቅሙም ጊዜውም አልነበረኝም፣ ስለዚህ የቀረኝ ጎማው ብቻ ነበር።

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነው። ትልቅና ከባድ ጎማ ለመዞር ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ደካማ ሞተር ያንን ጉልበት ከየት ያመጣል? አጠር ያለ፣ ቀጭን፣ ቀለል ያለ ጎማ ካገኘሁ ሜዳ ላይ ፍጥነቷ ቢቀንስም አቀበቱን ትወጣልኛለች። ይህን መርካቶ ውስጥ ማስረዳት ግን ራስ ያዞራል። መርካቶ ትልቅ ነገር ይወዳል። ምን አለሽ ተራ ያለው በያጅ የመኪናዬን ቸርኬ መሀሉን ቆርጦ ከሌላ መኪና ሰፊ ቸርኬ ጋር ሊበይድልኝ ተነሣ። ጎማው ከጭቃ መከላከያው፣ ከፓራፋንጎው ወጣ ሲል ነው መኪና ወንድ የሚመስለው አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ወንድ እንድትመስል አልፈልግም ብዬው ሄድኩ።

ጎማ ተራ ውስጥ የማውቃቸው ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ያገለገለ ጎማ እስከ ጣሪያ ደርድረው እሳቸው ከሥሩ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ጋሼ፣ ካለዎት ሁሉ ትንሹን ያሳዩኝ ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያድጋል፣ አንቺ ወደ ታች ነው እንዴ?"

ቢሆንም ከኋላ አራት ጎማ ጎትተው አወጡልኝ። አጫጭር ናቸው፣ ጥርሳቸው ገና አላለቀም፣ በአንድ እጅ ይነሣሉ። ደስታዬን ፊቴ ላይ እንዳያነቡት ዞር አልኩ። እሳቸው ግን ሌላ ጣጣ ነገሩኝ። ጎማዎቹ ውስጣቸው ሽቦ ስለሌለ ለመቁረጥ ይመቻሉ፤ አንድ በረባሶ ሠሪ ቅዳሜ ሊወስዳቸው ተነጋግሯል። እስከ ቅዳሜ ረፋድ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ጫማ ይሆናሉ አሉኝ።

እዚያው ያልወሰድኳቸው በአባቴ ምክንያት ነው። መኪናዋ የእሱ ስለሆነች ሳላማክረው አንድ ቡሎን አልፈታም። አባቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መንገዱ ሲዘጋ እሱም ቤት ዋለ፤ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለያል። በዚያ መስመር ሕግ አለ፤ መኪና በቆመ ቁጥር ረዳቱ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በዱላ ይመታል፣ ንፋስ የጎደለው በድምፁ ይታወቃል። ሲጨርስ የመኪናውን ጎን ሁለቴ ደብደብ አድርጎ "ሳበው" ይላል፤ ንዳው ማለት ነው። ሾፌር ጎማ አይመታም፤ የረዳት ሥራ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ፈንድቶበት ረዳቱን ቀብሯል። ስለዚያ ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፣ የነገረችኝ እናቴ ናት። ውድድሩን አልከለከለኝም፣ አልፈቀደልኝምም፤ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላየኝም። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ከማሸነፍ ይልቅ እሱ መጥቶ እንዲያየኝ ነበር የምፈልገው። ይህን ፊት ለፊት መናገር ግን አልሆነልኝም። የጎማውንም ወሬ ዛሬ ነገ ስል ዓርብ ደረሰ።

ዓርብ ከሰዓት ስገባ መኪናዋን ቁመት ጨምራ አገኘኋት። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቀ ነው። ቤት ከዋለ ወዲህ ከሰፈር ርቆ የማያውቀው ሰውዬ ለብቻው ጎማ ተራ ሄዶ፣ በኩሊ አሸክሞ አራት አዲስ የጭነት ጎማ አምጥቷል። ዕቃ የሚያመላልሱ ትንንሽ መኪኖች የሚያስሩት፣ ጎኑ ድርብርብ የሆነ፣ አንዱን ለማንሣት ወገብ የሚጠይቅ ጎማ ነው።

"ይኼ አይፈነዳም" አለኝ። "እሑድ እኔም እመጣለሁ።"

እጁ በግራሶ ጠቁሯል፣ ፊቱ ላይ ሥራ የዋለ ሰው ደስታ አለ። እግዜር ይስጥልኝ አባዬ አልኩና ገብቼ አልጋዬ ላይ ተገላበጥኩ። ተናድጄ ነበር፤ በእሱ ሳይሆን በነገሩ። ጎማዎቹን ላስፈታ ብል እሑድ አይመጣም፤ ዝም ብል ዓይኑ እያየ አቀበቱ መሀል ቀጥ እላለሁ። ተነሣሁ፣ ወጣሁ፣ መኪናዋን ዞርኳት፣ ተመልሼ ገባሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ልሞክራት ስነሣ አባቴ ኮቱን ደርቦ ከጎኔ ገባ። በአውቶቡስ ተራ በኩል ወጥተን ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን አቀበት ያዝን። መኪናዋ ሦስተኛ ማርሽ እንቢ አለች። ሁለተኛ ሳስገባ ታቃስት ጀመር። አህያ የሚነዳ ሰውዬ ጎን ለጎን እየሄደ ትክ ብሎ አየን። እኔ መሪውን ጨብጬ ወደ ፊት ብቻ አያለሁ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ መስኮት ሥር እንደሚያደርገው ያዳምጣል። ወደ አንደኛ ልቀንስ ስል እጁን እጄ ላይ ጣል አደረገ።

"አቁሚያት። ከአቅሟ በላይ ጭነናታል።"

ዳር ይዤ ቆምኩ። አንቺ ምን አስበሽ ነበር አለኝ። ስለ ቀጫጭኖቹ ጎማዎች ነገርኩት፣ ስለ በረባሶ ሠሪውም። ይፈነዳሉ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ሰዓቱን አየና ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ አለ። ወደ መርካቶ ስንመለስ ከእኔ ይልቅ እሱ ይቁነጠነጥ ነበር፤ ኩሊዎች መንገድ ሲዘጉብን በመስኮት ብቅ ብሎ ለቀቅ አድርጉ እንጂ ይላል። ስንደርስ በረባሶ ሠሪው ሁለቱን ጎማ በገመድ አስሮ ሊሸከም ጎንበስ ብሏል። ነጋዴው ሲያዩኝ፣ ረፋዱ ገና አላለፈም፣ ቃሌ ለልጅቷ ነው ብለው ገመዱን አስፈቱት፤ ለሰውዬው ከክምሩ ሌላ መረጡለት።

እሑድ በደረጃ መሀል ላይ ነው የወጣሁት። አቀበቱን አንዴም ሳልቆም ጨርሻለሁ። ብዙ መኪና ቀድሞኛል፣ አልከፋኝም።

ከዚያ በፊት ግን መነሻው ላይ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። አባቴ ከሰዉ መሀል ወጥቶ መጣ፤ አጭር ዱላ ይዟል። የፊቱ ግራ ጎማ ጋ ጎንበስ አለና መታው፣ አዳመጠ። ቀኙን መታ። ወደ ኋላ ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር የነበረ ሰው ቀጫጭኖቹን ጎማዎች እየመታ ያዳምጣል። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ መታው። ከዚያ በመስኮቴ በኩል መጥቶ ቆመና ጣሪያውን ሁለቴ ደብደብ አደረገ።

"ሳቢው" አለኝ።