ደጅ ጥናት በኦስሎ

አዲሱ የኦስሎ ኦፔራ ቤት በተከፈተበት ዓመት የማስተርስ ጽሑፌን እየሠራሁ ነበር፤ የቱሪስት ከተማ በደንብ መተዳደሩ በምን ይታወቃል የሚል። ከከተማው ዳር ስቶቭነር ሰፈር ካለችው ክፍሌ ቁጭ ብዬ መመዘኛ ስፈልግ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሊጠይቁኝ ልበል እንጂ የጠራኋቸውስ እኔ ነኝ። አገር ቤት፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን የጀልባ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ቱሪስቶች ከጀልባ የሚወርዱበት የእንጨት መረማመጃ ከተሰበረ ቆይቷል፤ እንዲጠገን በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ እግራቸው አብጦ ሐኪም መቆም ከልክሏቸዋል። ሊቀመንበርነቱን እንዲተዉ ላግባባቸው ነበር ሐሳቤ።

አንድ ቅዳሜ ከከተማው ፊት ለፊት ወዳለችው ደሴት በጀልባ ወሰድኳቸው። ዛፉንም ውሃውንም ትተው መረማመጃውን አዩ። አንድ ሳንቃ ላልቶ ይነቃነቃል። ኃላፊው ማነው አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! ምናልባት ኮሙኑ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው ጠበቁኝ። ኮሙኑ ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ለአንድ ሳንቃ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተከተልኳቸው። እንግዳ ተቀባይዋ የነገርኳትን ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች፣ አመሰገነችን፣ በቃ። አባቴ ግን ንቅንቅ አላሉም። በእሳቸው ልምድ ቶሎ ያሰናበተ ቢሮ እምቢ ያለ ቢሮ ነው። ግድግዳው ጥግ ቆሙ። ሴትየዋ ወንበር አመጣችላቸው፤ ደጅ ጠኚ ይቀመጣል እንዴ? እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢሮው እስኪዘጋ በዚያ ባበጠ እግራቸው ቆሙ።

በሳምንቱ ደሴቷ ላይ ስንደርስ ሳንቃው አዲስ ነው። እሰይ አልኩ በልቤ፤ የእኛዎቹን ቢሮዎች ከዚህ ጋር አነጻጽረው ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። እሳቸው ሳንቃውን በጫማቸው መታ መታ አደረጉና ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። አላውቅም። ታዲያ ማንን ያመስግኑ? እሱንም አላውቅም።

"የሚመሰገነው ሰው መታወቁስ መመዘኛሽ ውስጥ አለበት?" አሉኝ።

የለበትም ነበር። እስካሁንም ያ ጥያቄ ይከነክነኛል። የዚያን ቀን ግን ያሳሰበኝ እግራቸው ነበርና የሆዴን አወጣሁት።

"አባዬ፣ ይብቃዎት። ይተዉት።"

ሳንቃውን በጫማቸው ጫፍ አመለከቱኝ።

"ልጄ፣ ይኼስ እኔ ባልቆምም ይጠገን ነበር። የእኛን እኔ ከተውኩት ማን ያነሳዋል?"

ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ሲሉ ከስቶቭነር ገበያ ማዕከል ታጣፊ ወንበር ገዛሁላቸው፤ ሳይከራከሩ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ተሳፈሩ። ድል አደረግሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በወሩ ስደውል መረማመጃው ገና ነው፣ እሳቸውም ቢሮው በር ላይ ናቸው። ወንበሩስ አልኳቸው። አብራቸው ደጅ የምትጠና ነፍሰ ጡር ተቀምጣበታለች፤ እሳቸው ቆመዋል።