ኬላው የተቀበረበት ማልያ

ኢቦ ታንዶ የሚሸጠውን ማልያ እየቀያየረ ቢለብስ፣ አንዱን ሁለቴ ሳይደግም ዓመቱን ይከርም ነበር። በባሕር ዳሯ ከተማ በሳልትፖንድ፣ ገበያው አፋፍ ላይ ያለችው ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ማልያ ናት። የለንደን አለ፣ የማንቸስተር አለ፣ የማድሪድ አለ፤ ስሙን እሱ ራሱ አስተካክሎ የማይጠራው የቱርክ ክለብ ሳይቀር አለ። የሌለው አንድ ብቻ ነው። ከበሩ ላይ ቆሞ ድንጋይ ቢወረውር አጥሩን የሚመታው ስታዲየም ውስጥ የሚጫወተው የገዛ ከተማው ክለብ፣ የባራኩዳ ማልያ።

ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ማን ጠይቆ!

ኢቦ በዚያ ላይ የከተማው የቼልሲ ደጋፊዎች ሊቀመንበር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ወንዱ ይሰበሰባል፣ እሱም እግሩን አነባብሮ የአገሩን ሊግ ያማል። «የባራኩዳ ሜዳ ላይ ከተጫዋች ፍየል ይበዛል» ይላል። «ደግሞ ፍየሎቹ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ቦታቸውን ይይዛሉ።» ሳቅ ይሆናል። ሳቅ ደግሞ ለኢቦ እንጀራው ነው፤ ሰው ከሳቀ በኋላ ማልያ ይገዛል።

ይህን ሐሜት የማይወድ አንድ ሰው ነበር፤ የእናቱ ወንድም፣ ኮቢና ኤሱማን። ለአገሬው፣ ለፋንቴ ሰው፣ የእናት ወንድም ማለት አባት ከሚቆጣህ ሁለት እጥፍ የሚቆጣህ፣ ሲሞት ደግሞ አንተው የምትቀብረው ሰው ነው። ኮቢና በጉብዝናው ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ለባራኩዳ በተከላካይነት ተጫውቷል። ቁጥሩ አምስት፣ ቅጽል ስሙ «ኬላው»። ኳሱ ቢያልፍ ሰውየው አያልፍም፤ ሰውየው ቢያልፍ ኳሱ አያልፍም፤ ሁለቱም ካለፉ እግር ይቀራል ይባልለት ነበር።

ባራኩዳ በሜዳው በተጫወተ እሑድ ሁሉ ኬላው ሁለት ትኬት ገዝቶ ሱቁ ይመጣል።

«ተነስ፣ እንሂድ።»

«አጎቴ፣ ዛሬ እኮ አርሴናልና ሊቨርፑል ናቸው።»

«አንተ የቼልሲ አይደለህ እንዴ? እነሱ ምንህ ናቸው?»

«ጠላትም ይታያል እኮ።»

«እኔ የማውቀውን ሰው ልጅ ሳይ ነው ደስ የሚለኝ። የእኛ ቀኝ ተከላካይ የዓሣ ሻጯ የኤሲ ልጅ ነው። ሲሳሳት እናቱን እሰድባታለሁ፤ እሷም ዞራ ትሰድበኛለች። አንተ የለንደኑን ስትሰድብ ማን ይመልስልሃል?»

«በሚቀጥለው፣ አጎቴ። እውነቴን ነው፣ በሚቀጥለው።»

ሽማግሌው አንዷን ትኬት ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል። ኢቦ አጥፎ አጥፎ፣ ማልያ የሚያለብሳት የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንዳትንገዳገድ እግሯ ሥር ይሰካታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አሻንጉሊቷ መጨረሻ ላይ በቁመት ከሱ ትበልጥ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ኬላው የዱሮ ማልያውን በመስቀያ አንጠልጥሎ መጣ። ሰማያዊ፣ አምስት ቁጥሩ በእጅ የተሰፋ፣ ደረቱ ላይ ያ ባራኩዳ የሚባለው ጥርሳም የባሕር ዓሣ ያለበት። «ስቀልልኝ» አለው። «የከተማው ልጅ ሲገባ ይየው።» ኢቦም ሰቀለው፤ ከጓዳ በኩል፣ ከመጋረጃው ኋላ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጨዋታ ሊጀመር ሲል የቴሌቪዥኑ መስታወት አቧራ ለብሶ አየ። እጁ የደረሰበትን ጨርቅ ሳበ። ያረጀ ጥጥ ለመወልወል መቼም የሚስተካከለው የለም። በሌላው ሳምንት ጨርቁ የጄኔሬተር ዘይት ጠረገ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ኢቦም አያውቅም።

«ማልያዬስ?» ብሎ ጠየቀ አንድ ቀን ሽማግሌው።

«ቤት ወስጄ አስቀመጥኩት። እዚህ ፀሐይ ይበላዋል ብዬ።»

«አሳቢ ልጅ» አለ ኬላው፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

ያቺ መታ መታ ናት እንግዲህ ጉዱን ያመጣችው። ኬላው ታሞ ሲሞት ቤተሰቡ ተሰበሰበ። የቤተሰቡ አለቃ ኤግያ ፎርሰን ነው። ኤግያ ማለት እንደኛ «አባባ» ነው። በዘመኑ የባራኩዳ በረኛ ስለነበር ከኬላው ኋላ ቆሞ አሥራ አንድ ዓመት ያንን ማልያ ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

«ሟች አልጋው ላይ ሆኖ የተናዘዘው አንድ ነገር ነው» አለ ኤግያ ፎርሰን። «‹በማልያዬ ቅበሩኝ፣ ማልያዬ ኢቦ ዘንድ ነው› ብሏል። አለ አይደል?»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ ኢቦን አየ። እናቱ ማሜ አራባ፣ የሟች እህት፣ በለቅሶ ባበጠ ዓይኗ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበራት። ወንድሟ ከሰው ሁሉ መርጦ ለልጇ አደራ መስጠቱ ነው።

«አለ፣ ኤግያ» አለ ኢቦ። «እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኩት።»

አስከሬኑ እንደ አገሩ ልማድ የሆስፒታል ፍሪጅ ገባ፤ ቀብሩ ለስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ተቆረጠ። መርሐ ግብሩን ያወጣው ኢቦ ነው። ቀብሩን ጠዋት ያደረገው ዘመድ ፀሐይ እንዳይመታው ብሎ መሰላቸው፤ ቼልሲ በስድስት ሰዓት ተኩል እንደሚጫወት የሚያውቁት ወንዶቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ።

ስድስት ሳምንት ለአንድ ማልያ አያንስም። ኢቦ ግን ስድስቱንም ሳምንት ነገ፣ ነገ እያለ ገፋቸው። ዓርብ ረፋድ ላይ ነው ስታዲየም ሄዶ ዘበኛውን የጠየቀው።

«ትርፍ ማልያ?» አለ ዘበኛው፤ ቀልድ መስሎት። «ወንድሜ፣ እኛ ያለን ለአንድ ሰው አንድ ነው። ሁሉም የራሱን ቤቱ ወስዶ ያጥባል። ዝናብ ከዋለ እርጥቡን ለብሶ ይገባል። አንተ ማልያ ሻጩ አይደለህ እንዴ?»

ኢቦ ሱቁ ተመለሰና በሩን ዘጋ። አንድ ያረጀ የቼልሲ ማልያ አወረደ፤ ሰማያዊው ያው ሰማያዊ ነው ብሎ። የማስታወቂያውን ጽሑፍ በምላጭ ፋቀ። ጀርባው ላይ አምስት ቁጥር ተኮሰ። ቀረ ዓርማው። የቼልሲ ዓርማ የሆነውን አንበሳ በነጭ ሸፍኖ ዓሣ ሊስልበት ብሩሹን አነሳና ቆመ። ዓሣው ወደ ቀኝ ነው የሚያየው ወደ ግራ? አፉ ዝግ ነው ክፍት? ከሥሩ ምን ነበር? የቼልሲን አንበሳ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ጥፍሩ መሳል የሚችል ሰው፣ ተወልዶ ያደገበት ከተማ ዓሣ ጠፋው። ስልኩ ላይ ፈለገ፤ ያገኘው ፎቶ የደበዘዘ ነው፣ ዓሣ ይሁን ጫማ አይለይም። ወጥቶ ለመጠየቅ ደግሞ በየትኛው አፉ? መጨረሻ ላይ ከጓዳ የቆርቆሮ ዓሣ አመጣና ቆርቆሮው ላይ ያለውን ገለበጠ።

የዘይት ቀለም እስከ ጠዋት አይደርቅም፤ ስለዚህ ከሱቁ ግድግዳ የተረፈውን፣ በውኃ የሚበጠበጠውን ቀለም ተጠቀመ። ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ እንዲያረጅ አፈር አሻሸው። ከሩቅ ሲታይ አያሳፍርም። አመሻሹ ላይ አጥፎ ለእናቱ ሰጣት። ማሜ አራባ ማልያውን ሳትገልጥ ደረቷ ላይ አስጠጋችውና «ወንድሜ ፊት አላሳፈርከኝም» አለችው።

ቅዳሜ ማለዳ ኬላው ሟች ለስንብት በሚተኛበት የነሐስ አልጋ ላይ ማልያውን ለብሶ ተጋደመ። ለቀስተኛው የሐዘን ቀይና ጥቁሩን ለብሶ በሰልፍ እየገባ ይሰናበተዋል። የባራኩዳ ተጫዋቾችም ማልያቸውን እንደለበሱ፣ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው መጡ። ኤግያ ፎርሰን ከራስጌ ቆሟል፤ ኢቦ ከግርጌ።

ችግሩ፣ ስድስት ሳምንት ፍሪጅ የከረመ አካል ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል። ኢቦ ይህን አላሰበም። ማልያው መጀመሪያ ደረቱ ላይ ረጠበ። ቀጥሎ ዓሣው መንሸራተት ጀመረ።

«ኢቦ» አለ ኤግያ ፎርሰን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አቤት፣ ኤግያ።»

«ይህ ዓሣ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ዓሣው ወደ ሆድ እየወረደ ነው። ባዶ በተወው ቦታ መጀመሪያ ጭራ ብቅ አለች፤ ከዚያ መዳፍ።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ከሰልፉ አንዲት ሴት። «ዓሣው እግር አወጣ!»

ዓሣ ሻጯ ኤሲ ሰው ገፍታ ተጠጋች። «ደግሞ ይሄ ባራኩዳ ነው? እኔ ዓሣ ልጣ! ይሄ ማኬሬል ነው! ያ ቆርቆሮው ላይ ያለው ነው እኮ!»

ከኋላ አንዱ ሊያስነጥስ እንደሆነ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ለቅሶ ላይ የታፈነ ሳቅ ደግሞ እንደ ጉንፋን ነው፤ ይዛመታል። የሰልፉ ትከሻ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኤግያ ፎርሰን ብቻ አልሳቀም።

«በሕይወቱ ኮንትሮባንድ አላሳለፈም» አለ። «ሞቶም እምቢ አለ።»

ማሜ አራባ ቀስ ብላ ተነሳች። «ማልያው የት ነው?»

«እማዬ፣ ውጪ ወጥተን ልንገርሽ…»

«የወንድሜ ማልያ የት ነው አልኩህ?»

 የሳቁት ሁሉ ወደ ኢቦ ዞሩ።

«ቴሌቪዥን… ወለወልኩበት።»

እናቱ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ተመልሳ ተቀመጠችና የጥቁር ልብሷን ጫፍ ፊቷ ላይ ጣለች። ሰው የሚያፍርበትን ልጅ እንዳያይ ነው ፊቱን የሚሸፍነው፤ ኢቦ ይህን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ብትመታው ምን ነበር!

ከተጫዋቾቹ መሃል አንድ ወጣት ተከላካይ ወጣ፤ ጆጆ ይባላል፣ ቁጥሩ አምስት ነው። ማልያውን በራሱ በኩል አወለቀና ለኤግያ ፎርሰን ዘረጋ።

«ይህን አልብሱት፣ ኤግያ። ትናንት ነው ያጠብኩት።»

«ልጄ፣ ነገ ጨዋታ አላችሁ። አንተ በምን ትገባለህ?»

ጆጆ ሟቹ ላይ ያለውን ማልያ አየ። «ያኛው ይሆነኛል» አለ።

አንሶላ ዘርግተው ቀየሩለት። ኬላው በእውነተኛው ዓሣ ተቀበረ።

በስድስት ሰዓት ተኩል የኢቦ ሱቅ ዝግ ነበር። «ሊቀመንበር! ቼልሲ ጀመረ እኮ!» እያሉ በሩን ደበደቡ። እሱ ውስጥ ማልያ ክምር ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ዋጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ገበያውን ዞሮ ነበር፤ ኬንኬ የሚሉትን የበቆሎ ምግብ የሚሸጡት ጋ ሲደርስ አንበሳው ከሬሳ ሳጥኑ ውስጥ አግስቷል እየተባለ ነው።

እሑድ፣ በቀብር ማግሥት ከሚደረገው የምስጋና ጸሎት በኋላ፣ እናቱ ምሳ አቀረበችለትና ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ቤቱ ጠበበው። እግሩ ወደ ስታዲየም ወሰደው። ትኬት ቆራጩ ሲያየው «የኬላው የእህት ልጅ?» አለ። «ለአንተ የሚገዛ ሰው ነበር እኮ። ዛሬ ራስህ ግዛ።»

ኢቦ ትኬቱን ራሱ ገዝቶ ጥግ ፈልጎ ተቀመጠ። ስልሳ ሰው ቢኖር ነው። ፍየል አልነበረም፤ አንድም።

ጆጆ ያንን ማልያ ለብሶ ገባ። ዳኛው ሰማያዊነቱን አየ፣ አምስት ቁጥሩን አየ፣ ይበቃል ብሎ አሳለፈው። ደረቱ ላይ አንበሳው ከወገቡ በላይ ወጥቷል፤ ዓሣው ከሆዱ ላይ ነጭ ግርፋት ሆኖ ቀርቷል። ከእንግዳው ቡድን ጋር የመጡት ደጋፊዎች ይህን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ቼልሲ! አንተ ቼልሲ! አውሮፕላኑ እዚህ ጥሎህ ሄደ እንዴ?»

«ተውት፣ ለንደን ደብዳቤ ሊጽፍ ነው!»

ኳስ በነካ ቁጥር «ቼልሲ! ቼልሲ!» ይላሉ። ኢቦ ያንን ስም ስንት ቅዳሜ ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኾታል። አሁን በተጠራ ቁጥር አንገቱ ወደ ትከሻው ይገባል። ጆጆ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ይንሸራተታል፣ ይነሳል፣ ይጋጫል፤ ኤሲ ከታች ቆማ የራሷን ልጅ «አንተ ደንባራ፣ ጆጆን አግዘው እንጂ!» እያለች ትሳደባለች፤ ልጁም ከሜዳው «እሺ፣ እማ!» ይላል። ኢቦ አብሮ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ምን ብሎ እንደሚጮህ አያውቅም፤ ከጆጆ በቀር የአንዱንም ስም አያውቅም። ዘጋው።

አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ጨዋታው ሲያልቅ ጆጆ ራቁት ደረቱን ሆኖ አጥሩ ጋ መጣ፤ ማልያውን አጥፎ ይዟል።

«ወንድም ኢቦ፣ ይኸው ዕቃህ። አጥቤ ልሰጥህ ነበር፤ የቀረው ቀለም ይለቃል ብዬ ፈራሁ።»

«ያዘው፣ ጆጆ። ለአንተ ይሁን።»

«አይ፣ የእኔ አይደለም።»

«በሚቀጥለውስ ምን ትለብሳለህ?»

ጆጆ ሳቀ። ተንኮል የለበትም ሳቁ፤ እሱ ነው የባሰው። «እሱን እኔ ምን አውቃለሁ? ማልያ ሻጩ አንተ ነህ።»

ሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ ኢቦ ታንዶ ስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ከተሳለው ዓርማ ፊት፣ ለጆጆ ማልያ ሊገለብጠው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቆሞ ነበር። በዚያ ግድግዳ ሥር በየቀኑ ያልፋል። ዓሣው ወደ ግራ ነው የሚያየው። አፉ ክፍት ነው። ከሥሩ ጀልባ አለ፣ ጀልባው ላይ ሁለት ቀዛፊ።

ኤሲ የዓሣ ትሪዋን ተሸክማ ከኋላው አለፈች። «ሊቀመንበር! ዓሣ መማር ጀመርክ? ና እኔ ላስተምርህ፤ ማኬሬልም አለኝ!»

ገበያው ሳቀ። ኢቦ አልዞረም። ጆሮ ግንዱ ጋለ፤ የዓሣውን ጥርስ እየቆጠረ ሰባት ላይ ደርሶ ነበር፣ ሳቁ አሳሳተው። ከመጀመሪያው ጀመረ።