የአባቴ ላዳ ውድድር ገባች

አባቴ ታክሲ መንዳት ሲያቆም፣ ሰማያዊና ነጭ ላዳው ሀና ማርያም ያለው ግቢያችን ውስጥ ቆማ ቀረች። ሊገዛት የሚመጣው ሁሉ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ስለሚጠራ አባቴ እየተቆጣ ይመልሰው ነበር። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ታናሽ ወንድሜ፣ «አባዬ፣ ላዳዋን ለውድድር እንሥራት» አለ።

«የምን ውድድር?»

«የመኪና ነዋ። የጀማሪዎች ምድብ አለ፣ አሮጌም ይገባል።»

አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ግን የምሩን ነበር።

እሱ ለቡ በርና መስኮት የሚበይድበት ትንሽ ቤት አለው፤ እኔ ጀሞ አስተምራለሁ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ የሚበቃን መስሎን ነበር። ሱማሌ ተራ ወርደን የመለዋወጫ ዋጋ ጠይቀን ስንመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ወንድሜ ሒሳቡን በስልኩ ደጋግሞ ደመረው። ደህና ሞተር ብቻውን ያለንን ሁሉ ይጨርሳል። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ቀበቶውና ሄልሜቱ ገና ነበሩ።

ወንድሜ ሞተሩ ላይ ሙጭጭ አለ። «ጉልበት ከሌላትማ መሳቂያ ነው የምንሆነው።» እኔ ደግሞ ፍሬንና ጎማ ይቅደም እላለሁ። አባቴ ሁለታችንንም አልሰማም። ብትገለበጥ ጣሪያዋ እንዳይደረመስ ውስጧ ወፍራም የብረት ቱቦ ካልተበየደ ቁልፉን እንደማይሰጠን ነገረን። ስለዚህ ወንድሜ መጀመሪያ እሱን በየደ።

ክብደቷ እንዲቀንስ ምንጣፏን፣ የጣሪያዋን ጨርቅና የኋላ ወንበሯን ስናወጣ አባቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ያየናል። ወንበሩ ሲወጣ ጠጋ ብሎ ዳሰሰው። «እዚህ ላይ የተወለደ ልጅ አለ» አለ። «ሆስፒታል ሳንደርስ። እናትየው ስሜን ጠይቃኝ ነበር።» ወንበሩን መጣል አልቻልንም፤ በረንዳው ላይ አስቀመጥነው።

አንድ ጠዋት ለቡ ጫፍ፣ ገና ለመኪና ባልተከፈተ አዲስ መንገድ ላይ ልንሞክራት ወጣን። ወንድሜ ይነዳል፤ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ አልቀነሰም። ላዳዋ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ እስከ መብራቷ ተሰክታ ቆመች። እየሮጥኩ ስደርስ ወንድሜ መሪውን እንደጨበጠ ነበር።

«ፍሬኑን ስረግጠው ዝም ብሎ ወለል ነካ» አለኝ። ምንም አልሆነም።

ከዚያ ወዲያ የሞተር ነገር አላነሳም። ገንዘባችን ፍሬንና ጎማ ላይ ዋለ። የድሮውን ሞተር አባቴ ራሱ ፈታው፤ አጥቦ፣ ጠራርጎ መልሶ ገጠመው።

ማን ይንዳት ሲባል አባቴ ሁለታችንን ከላይ እስከ ታች አየንና «አንቺ ነሽ» አለኝ።

«ለምን?» አለ ወንድሜ።

«አንተ ከወንበሩም ከምንጣፉም ትከብዳለህ። እሷን ብናስቀምጥ በነጻ ክብደት ቀነስን ማለት ነው።»

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ውድድሩ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ነበር፤ መኪኖቹ ተራ በተራ እየገቡ በሰዓት ይለካሉ። ከጎናችን የቆሙት ከውጭ በመጣ ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ሞተራቸው ሲነሳ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። አባቴ ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለ።

«ቀጥታው ላይ ይበልጡሻል፣ አትናደጂ። መታጠፊያው ጋ ሳትደርሺ ፍሬን ያዢ፤ መሪውን ስታቀኚ ነዳጅ ስጫት።»

እንዳለውም ቀጥታው ላይ ላዳዋ ጩኸቷ እንጂ ፍጥነቷ አልጨመረም። መታጠፊያው ላይ ግን ጎማዎቹ መሬቱን ጥርቅም አድርገው ያዙ፣ እኔም ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ጨርሼ ሄልሜቱን ሳወልቅ አፌ አቧራ ሞልቶታል፤ እየሳቅሁ ነበር።

አላሸነፍንም። ውጤቱ ሲነበብ መሐል ላይ ተጠራን። ከእኛ በኋላ ከተጠሩት ውስጥ ሞተሩ ብቻ ከመላዋ ላዳችን በላይ የሚያወጣ መኪና ነበር። ባለቤቱ መጥቶ፣ «መታጠፊያው ላይ እንዲህ የያዘችልሽ ምን አድርገሻት ነው?» አለኝ። ወደ አባቴ ጠቆምኩት። አባቴ ሰውየውን ጎትቶ መሬት ላይ አንበረከከውና ከሥሯ ያሳየው ጀመር።

ላዳዋን አይሱዙ ላይ ጭነን ስንመለስ ወንድሜ፣ «አሁንስ ሞተር አይገባትም?» አለ።

«መጀመሪያ የኋላ ሞላዋን እንቀይራለን» አለ አባቴ፣ ሀና ማርያም እስክንደርስም ሲከራከሩ ሄዱ።