የአጎቴ ፊት በመስታወት

ፊልም ውስጥ መስታወት ሲመጣ እፈራለሁ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል፤ ቀና ሲል ከኋላው ሌላ ሰው ቆሟል። ስንት ጊዜ አይቼውም እደነግጣለሁ። ቆይቶ ግን የሚያስፈራኝ ከኋላ የሚመጣው ሰው እንዳልሆነ ገባኝ። መስታወት ካለ ተመልካቹ ሰውየው ያላየውን ያያል፤ አይቶ ግን ሊነግረው አይችልም።

ስለ ፊልም ያስተማረኝ የለም። ዱባይ ተራ፣ አጎቴ ኮትና ሱሪ በሚሸጡበት ሱቅ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ድምፁን አጥፍቼ በስልኬ አያለሁ። አንዱን ትዕይንት እየመላለስኩ፣ ካሜራው የት ቢቆም ነው መስታወቱ ውስጥ ያልታየው እያልኩ እፈልጋለሁ። የሱቃችን መስታወት ከሰው ቁመት ይበልጣል። ግርጌው ከግድግዳው ወጣ ስላለ ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሏል። አጎቴ ሆን ብለው ነው፤ ደንበኛው ረዘም፣ ሸንቀጥ ብሎ ራሱን እንዲያይ። እሳቸው ዋጋ ይናገራሉ እንጂ ኮቱን የሚሸጠው መስታወቱ እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት አጭር ፊልም ልቀርጽ ተነሣሁ። አንድ ሽማግሌ አዲስ ኮት ለክተው፣ መስታወት ውስጥ ራሳቸውን መለየት ያቅታቸዋል። ተዋናዩ አጎቴ ሆኑ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለ እሳቸው ማንም የለኝም። ከጎናችን ጫማ የምትሸጠው ሴት በሩ ላይ ቆማ፣ "ጋሼ፣ ነገ አክተር ሆነው ሰላምታ ሊነፍጉን ነው?" አለቻቸው። እሳቸውም ከአሁኑ ወረፋ እንድትይዝ መከሯት።

ስልኩን በጎን አቁሜ፣ እሳቸውን በመስታወቱ ውስጥ ብቻ እያየሁ ቀረጽኩ። ደጋገምነው። በኋላ ላይ ፊታቸው የሌላ ሰው መሰለኝ። የከንፈራቸው አንዱ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። አልደነገጥኩም። መስታወት ፊትን ይገለብጣል፤ የለመድነው ፊት ሲገለበጥ የተጣመመ ይመስላል፤ ፊልም ሠሪዎችም ይጠቀሙበታል። የእኛው መስታወት ደግሞ ዋሾ ነው። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የፈለግኩት እንግዳ ፊት መጥቶልኛል።

ከዚያ ኮቱን ሊቆልፉ ሞከሩ። ጣታቸው ቁልፉን ሳተው። እንደገና ሳተው። እንዲህ እንዲያደርጉ አልነገርኳቸውም።

ለመዞር ፈራሁ። በቀጥታ ካየኋቸውና ከንፈሩ ያው ከሆነ፣ በመስታወት የማላክከው ነገር አይኖርም። ዞርኩ። ያው ነው።

"ጋሼ፣ ሁለቱንም እጅዎን ያንሡልኝ።"

"ምን… ልታደርገው?" አሉ፤ ምላሳቸው ተሳስሯል። ግራ እጃቸው ተነሣ። ቀኙ እዚያው ቀረ።

ጫማ ሻጯ ጮኻ ሁለት ኩሊዎች ጠራች። እነሱ ተሸክመዋቸው የገበያውን ሕንፃ ደረጃ ሲወርዱ፣ እኔ ከፊት ሰዉን እየገፋሁ መንገድ አስለቅቅ ነበር። በየሱቁ በር መስታወት ቆሟል። አጎቴን በመስታወት ላለማየት መሬት መሬቱን እያየሁ ታክሲ ጋ ደረስን።

ሆስፒታል፣ ሐኪሟ ስትሮክ መሆኑን ነግራኝ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀችኝ። ስልኬን ሰጠኋት። መጀመሪያ በቀረጽኩት ላይ ፊታቸው ደህና ነበር፤ የተቀረጸበትን ሰዓት አየች። ቶሎ አምጥተሃቸዋል አለችኝ። ይድናሉ ግን አላለችም።

በማግስቱ ቀስ እያሉ መናገር ቻሉ። መስታወት አምጣ አሉኝ። የለም ብላቸው ወደ ስልኬ አዩ። የፊት ካሜራውን ከፍቼ፣ ትራሳቸው አጠገብ ጎንበስ ብዬ ያዝኩላቸው። ፊታቸውን አተኩረው አዩ።

"አባቴን መሰልኩ" አሉ።

አያቴን አላውቃቸውም። ከንፈራቸው እንዲህ ተጣምሞ፣ ከአልጋ ሳይነሡ ማለፋቸውን ግን እናቴ ነግራኛለች። ስልኩ ላይ፣ ከአጎቴ ፊት ጎን የእኔም ፊት ገብቷል። የራሴን ከንፈር ማየት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ የግራውን ጫፍ፣ ከዚያ የቀኙን።